በእንጨት ላይ መሳልና ግድግዳ ላይ መስቀል፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ሠዓሊ አይደለሁም፤ ለቤቴ ግድግዳ ስል ብዙ ጣውላ ያበላሸሁ ሰው ነኝ።

ምን ዓይነት እንጨት ልግዛ?
ለጀማሪ ኮምፔንሳቶ (ስስ እንጨቶች ተደራርበው የተጣበቁበት ሰሌዳ) ወይም ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ)። ኤምዲኤፍ ፊቱ ልሙጥ ስለሆነ ቀጥ ያለ መስመር ለሚወድ ይመቻል፤ ግን ይከብዳል፣ ጠርዙም ውሃ ካገኘው ያብጣል። ኮምፔንሳቶ ይቀላል። ጣውላ ከሆነ ጉጥ ያለበትን ተወው፤ ቆይቶ በቀለሙ በኩል ቢጫ ሆኖ ብቅ ይላል።

ቀለሙን በቀጥታ ብቀባውስ?
እንጨቱ ይጠጣዋል፣ አንቺም ቀለም ስትገዢ ትኖሪያለሽ። መጀመሪያ በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በ220 ፈግፍጊው። ብናኙን እርጥብ ባለ ጨርቅ ጥረጊና ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን ጄሶ ሁለት ዙር ቀቢ። ጄሶ ስል ግድግዳ የሚለሰንበትን አይደለም! ለስዕል ተብሎ የሚሸጠውን አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን) ጄሶ ነው። (አንድ ጓደኛዬ የግንባታውን በጥብጦ ቀብቶ ሲፈረፈርበት ደውሎ ወረደብኝ።)

ቀብቼ ስጨርስ ሰሌዳው ጎበጠ፣ ምን አጠፋሁ?
ጀርባውን ረሳኸው። ሁሉም ሰው ይረሳዋል፣ እኔም የመጀመሪያዎቹን አራቱን እንዲሁ ነው ያጣኋቸው። ፊቱ በቀለም ሲታፈን ጀርባው ግን ክፍት ስለሚቀር ከአየሩ እርጥበት ይስባል፣ ይለቃል፣ ሁለቱ ፊቶች እኩል አይንቀሳቀሱም፣ እንጨቱም ይታጠፋል። ፊቱ ላይ ሁለት ዙር ጄሶ ካለ ጀርባውም ሁለት ዙር ይገባዋል፤ ጠርዞቹም እንደዚያው። ትንሽ ብቻ ከጎበጠ አሁንም ጀርባውን ቀብተህ፣ ሲደርቅ ጠፍጣፋ ቦታ አስተኝተህ ክብደት ጫንበት። ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ ሁሌ ግን አይደለም። ሰሌዳው ትልቅ ከሆነ ከመሳልህ በፊት ጀርባው ላይ ቀጭን ሞራሌ (ረጅም የእንጨት ዘንግ) በኮላና በብሎን አስርበት።

መሳል አልችልም።
የወደድሽውን ቅርጽ አትሚ፣ የወረቀቱን ጀርባ በእርሳስ አጥቁሪው፣ ሰሌዳው ላይ ለጥፈሽ መስመሩን ተከተዪ። ያለቀ ነገር ነው።

በማስኪንግ ቴፕ ስሠራ ቀለሙ ከሥር ይገባል።
ቴፑን ከለጠፍክ በኋላ በመጀመሪያ ከሥሩ ያለውን ያንኑ ቀለም የቴፑ ጠርዝ ላይ ደግመህ ቀባ። የሚሰርገው እሱ ይሆናል፣ ስለዚህ አይታይም። ከደረቀ በኋላ አዲሱን ቀለም ቀባ፣ ቴፑንም ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ላጠው።

ቫርኒሽ የግድ ነው?
ለአክሪሊክ የግድ አይደለም፣ አቧራ ለመጥረግ ግን ያቀላል። የአክሪሊክ ቀለሙ ስስ ከሆነ ቫርኒሹን ከመቀባትሽ በፊት አንድ ሁለት ቀን ጠብቂ። የዘይት ቀለም ከሆነ ወራት ይፈልጋል። አክሪሊክ በዘይት ላይ እንዳትቀቢ፣ ይላጣል፤ ዘይት በአክሪሊክ ላይ ግን ይሆናል።

ስንት ከፍታ ላይ ልስቀለው?
አብዛኛው ሰው በጣም ከፍ ያደርገዋል። የሰሌዳው መሃል ከወለል 145 ሴንቲሜትር አካባቢ ይሁን። ሚስማሩ የት እንደሚገባ ለማወቅ፦ 145 ላይ የሰሌዳውን ቁመት ግማሽ ደምር፣ ከዚያ ጀርባው ላይ ያለው መስቀያ ሽቦ ሲወጠር ከላይኛው ጠርዝ ምን ያህል እንደሚወርድ ለካና ቀንስ። ሰሌዳው 60 ሆኖ ሽቦው 10 ዝቅ ካለ 165 ላይ ማለት ነው። ከሶፋ በላይ ከሆነ ይህን ስሌት እርሳው፤ የሰሌዳውን ታችኛ ጠርዝ ከሶፋው መደገፊያ ጫፍ 15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ብቻ ከፍ አድርገው።

እየዘመመ አስቸገረኝ።
አንድ ሚስማር ላይ ስለተንጠለጠለ ነው። ሁለት አድርጊለት፣ በውሃ ልክ አስተካክይ። ታችኛዎቹ ሁለት ማዕዘኖች ጀርባ ላይ ትናንሽ የጎማ ቁራጮች ለጥፊ፣ ግድግዳውን ቆንጥጠው ሰሌዳው እንዳይንሸራተት ይይዛሉ፣ አየርም ያስገባሉ። ብሎኬት ወይም ኮንክሪት ከሆነ ሚስማር አትታገዪ፤ ሰርስረሽ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዝ የፕላስቲክ ቱቦ) አስገቢ።

የተከራየሁት ቤት ነው፣ መብሳት አልችልም።
ባለ ሁለት ፊት ማጣበቂያ ተጠቀም፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን የክብደት ልክ አንብብና ሰሌዳህን መዝን። ግድግዳው የሚላጥ ቀለም ካለው ግን ሰሌዳው የግድግዳውን ቀለም ይዞ ይወርዳል። ያኔ ኮሞዲኖ ላይ አስደግፈው፣ እንዲያውም ያምራል።

ስሜን የት ልጻፍ?
የትም። ጀርባው ላይ ግን የተጠቀምሽበትን ቀለም ስምና ቁጥር ጻፊ፤ ሲጫር ያንኑ ቀለም ትገዢያለሽ።