የኑግ ፍሬ የመሰለችኝ ቀንድ አውጣ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት በዴንቨር የሚማር አንድ ወጣት ጻፈልኝ። የዕረፍት ጊዜውን በጅረቶች ጥናት ላይ ተቀጥሮ ሊያሳልፍ ነው። «ጋሼ፣ ከአንዱ ጅረት ወደ ሌላው በሄድን ቁጥር ቦት ጫማችሁን አጽዱ ይሉናል። ለአንዲት ቀንድ አውጣ ይህን ያህል መድከም ያስፈልጋል?» ይላል። ካነበብኩት በኋላ ሌላ ሥራ መሥራት አቃተኝ። በእሱ ዕድሜ ይህን ጥያቄ እኔም በልቤ ጠይቄዋለሁ፤ መልሱንም ሳልጠብቅ ያደረግሁት ነገር አለ።

ጊዜው እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። በሞንታና ማዲሰን ወንዝ ትራውት ዓሣ የሚመገባቸውን እጮች በመረብ እየሰበሰብን የምንቆጥር ሁለት ሰዎች ነበርን፤ እኔና አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ። ልጁ የጠየቀባት ቀንድ አውጣ ከኒውዚላንድ የመጣች፣ በጫማ ተጣብቃ ከውኃ ወደ ውኃ የምትሻገር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1987 በአይዳሆ ስኔክ ወንዝ፣ በ1994 ደግሞ በማዲሰን ተገኝታለች። ስለዚህ አላወቅንም ብዬ ማምለጥ አልችልም፤ እናውቅ ነበር።

ያን ቀን የማዲሰኑን ሥራ ጨርሰን ሁለት ሰዓት ነድተን ወደ አንዲት ትንሽ ጅረት ደረስን። ስሟን አልጽፍም። ውኃዋ ከምንጭ የሚወጣ፣ ጠጠሩ ከላይ ሆኖ የሚቆጠር ነበር። ቦቴን ሳጠልቅ በማሰሪያው ቀዳዳ ውስጥ ጥቁር ነገር አየሁ። ኑግ! ከእናቴ ሰፌድ ላይ ያመለጠች አንዲት የኑግ ፍሬ ትመስላለች። በጥፍሬ ላወጣት ስሞክር ወደ ውስጥ ገባች። የጫማው ሶል ከተደፈደፈ ሱፍ የተሠራ ስለነበር ከጠዋት ጀምሮ እንደ ራሰ ነው። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር፤ እኔም ደክሞኛል። ሽማግሌው ከመኪናው ማዶ ሆኖ «ጫማህን አጸዳህ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩትና ውኃው ውስጥ ገባሁ።

ሽማግሌው ቃሌን አምኖ መረቡን አቀበለኝ። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ያ እምነቱ ነው። ለማጽዳት የሚያስፈልገው አንድ ብሩሽና ጥቂት ደቂቃ ነበር፤ ሁለቱም ነበሩኝ።

ከአራት ዓመት በኋላ ወደዚያች ጅረት ተመለስኩ። ከውኃው ያነሳሁት የመጀመሪያው ድንጋይ ሥሩ በኑግ የተለሰነ ይመስል ነበር። ሌላ አነሳሁ፤ ያው ነው። የድሮዎቹ እጮች የት እንደገቡ ለማየት እጄ እስኪደነዝዝ ድረስ ድንጋይ ሳገላብጥ ዋልኩ። ያመጣኋት እኔ ልሁን ወይስ ከእኔ በኋላ የመጣ አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ ማንም ሊነግረኝ አይችልም። ሽማግሌው በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበረም፤ እውነቱን ሳልነግረው አለፈ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ይህን ልንገራችሁ። አሜሪካ የገቡት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር መጠን ሴቶች ናቸው። ያለ ወንድ ይፀንሳሉ፤ የሚወልዷቸውም ከጤፍ ቅንጣት ያነሱ ናቸው። ስለዚህ አንዲት ብቻ፣ ያቺ በጫማዬ ቀዳዳ ውስጥ የነበረችው፣ ትበቃለች። በየሎስቶን ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ በአንድ ካሬ ሜትር ከ500,000 በላይ የተቆጠሩበት ቦታ አለ። ትራውት ይበላቸዋል፤ ግን ቤታቸውን የሚዘጉበት ክዳን ስላላቸው ብዙዎቹ በሆዱ አልፈው በሕይወት ይወጣሉ። ዓሣው ጠግቦ ይከሳል።

የአገሩን ቀንድ አውጣ ከመጤዋ ለመለየት እጃችሁን አሠልጥኑ። ፊዛ የምትባለውን የአሜሪካ ቀንድ አውጣ በጣቶቻችሁ ያዙ፤ ሹል ጫፏን ወደ ላይ፣ አፏን ወደ እናንተ አድርጉ። አፏ በግራ በኩል ነው፤ ክዳንም የላትም። የመጤዋ አፍ በቀኝ በኩል ነው። ስኔክ ወንዝ ላይ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም፤ እዚያ ከምንጭ ውኃ የማትርቅ፣ በሕግ የምትጠበቅ ክዳን ያላት ትንሽ ዝርያ አለች። ስታዩ አትቸኩሉ። በአገራችን ቢልሃርዝያን ከሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች አንዱ፣ ቡሊነስ፣ እንደ ፊዛ ግራ ዞር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። እናቴም በእንዶድ ታጥብ ነበር፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አረፋውን እንጂ ከወንዙ በታች የሆነውን አይቼ አላውቅም።

የዛሬ ልጆች ወንዝ ዳር ቆማችሁ እንኳ ስልካችሁን ነው የምታዩት፤ ይህ ያሳዝነኛል። ነገር ግን ያ የዴንቨር ልጅ በስልኩ አንስቶ የላከልኝ ፎቶግራፍ ላይ የቀንድ አውጣዋ አፍ በየትኛው በኩል እንደሆነ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔ በዘመኔ ይህን ለማየት ማይክሮስኮፕ ቤት መግባት ነበረብኝ። ስለዚህ የተናገርኩትን እንደ ወቀሳ ብቻ አትውሰዱት።

መጤን ሁሉ ጥሉ ማለቴም አይደለም። ማዲሰን ውስጥ ያሳደድኩት ቡናማው ትራውት ራሱ ከአውሮፓ የመጣ ነው። በባሌ ተራሮች ዌብ ወንዝ የሚዋኘውም ከኬንያ አምጥተው የለቀቁት ነው። ትራውት እወዳለሁ፤ ያቺን ቀንድ አውጣ ግን ባየኋት ቁጥር በድንጋይ እደቁሳታለሁ። በዚህ ጉዳይ ሐሳቤ አንድ ሆኖ አያውቅም።

ለጥያቄህ ግን፣ ልጄ፣ አዎ፣ ያስፈልጋል። ቦልደር ክሪክ፣ ከደጅህ፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አለችበት። መጀመሪያ በብሩሽ ፈትገው፤ ማሰሪያውን አውልቀህ ቀዳዳውን ሁሉ እይ። ከዚያ ጫማውን በወፍራም ፌስታል ጠቅልለህ ሌሊቱን ፍሪዘር ውስጥ አሳድረው። የእናትህ በርበሬ እዚያ ካለ በሌላ ፌስታል ደግመህ ጠቅልለው፤ አስቀድመህም አስፈቅዳት። ጠዋት ስታወጣው ከቀዳዳው ውስጥ ኑግ የመሰለ ነገር ካገኘህ ቆጥረህ ጻፍልኝ።