ሥራ ሲፈታ ቀጥ የሚል ላፕቶፕ

ከቡሬ የጻፍክልኝ ወንድምዓለም፣ ኮፒ ቤትህ ያለው ላፕቶፕ ፕሮሰሰሩ ሴሌሮን ኤን2840 ነው። ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ሲስተም ከጫንክበት ወዲህ በድንገት ቀጥ ይላል፤ የፓወር ቁልፉን ተጭነህ ካላጠፋኸው አይነሳም። ራም ቀየርክ፣ ፎርማት አደረግክ፣ አሁን ደግሞ «ማዘርቦርዱ ሞቷል» ተባልክ። ገንዘብህን ያዝ፣ ገና ነው።

ከነገርከኝ ሁሉ ዋናው ይሄ ነው፦ በገበያ ቀን ሰው ተሰልፎ ስትጽፍና ስታትም ስትውል ምንም አይልም፣ ደንበኛ ጠፍቶ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ግን ይቆማል። ሙቀት ቢሆን የሚያስቸግርህ ሥራ ሲበዛበት ነበር። ያንተ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ይሄ ቺፕ ኢንቴል በ2013 ካወጣው ቤይ ትሬይል ከሚባለው ቤተሰብ ነው፤ ጄ1900ም ዘመዱ ነው። ፕሮሰሰር ሥራ ሲያጣ ኃይል ለመቆጠብ ደረጃ በደረጃ ይተኛል። ደረጃዎቹ ሲስቴት ይባላሉ፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር እንቅልፉ ይጠልቃል። በነዚህ ቺፖች ላይ ሊኑክስ ከጥልቁ እንቅልፍ ጋር በተያያዘ ቀጥ የማለቱ ነገር የሊኑክስ ሰዎችን ለዓመታት ያስቸገረ የታወቀ ችግር ነው። ስለዚህ ያንተን ማሽን ብቻ የገጠመው እንዳይመስልህ።

በሚቀጥለው ጊዜ ሲቆም፣ ከማጥፋትህ በፊት ካፕስ ሎክን ተጫን። መብራቱ ከበራና ከጠፋ ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ በሕይወት አለ፣ ችግሩ ምናልባት ስክሪኑ ጋ ነው። መብራቱ ንቅንቅ ካላለ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ቆሟል፤ ያኔ የምነግርህን ሞክር።

መጀመሪያ ሲስተሙን አፕዴት አድርግ፣ አዳዲሶቹ ከርነሎች ይሻላሉ። ካልተሻለው፣ ሲነሳ ኢስኬፕን አንዴ ነካ አድርገህ ሲስተሙን የሚያስነሳው የግራብ ሜኑ ሲመጣ «ኢ»ን ተጫን። «ሊኑክስ» ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ክፍተት ሰጥተህ «ኢንቴል_አይድል.ማክስ_ሲስቴት=1» የሚለውን በላቲን ፊደል (intel_idle.max_cstate=1) ጻፍ፤ «ሲ» እና «ስቴት» ሳይለያዩ ነው የሚጻፉት። ከዚያ ኤፍ10። ይሄ ለዚያች ማስነሳት ብቻ ስለሆነ ምንም አያበላሽም። ክፍት አድርገህ ሥራ ሳትሰጠው አውለው።

ካልቆመ ዘላቂ አድርገው፦ በኢቲሲ ስር፣ ዲፎልት ውስጥ ያለውን ግራብ የሚባል ፋይል በሱዶ (በአስተዳዳሪ ፈቃድ) ክፈትና «ኳይት ስፕላሽ» ካለበት ጎን፣ ከጥቅሱ ሳትወጣ ያንኑ ጨምር። ሴቭ አድርገህ ተርሚናል ላይ «ሱዶ አፕዴት-ግራብ» (sudo update-grub) በል፣ ሪስታርት አድርገው።

ዋጋ አለው፤ ቺፑ በደንብ ስለማይተኛ ትንሽ ይሞቃል፣ መብራት ሲሄድም ባትሪው ከለመድከው ቶሎ ያልቃል። ለኔ ግን የሰው ማመልከቻ ተጽፎ ሳያልቅ ከሚጠፋ ባትሪው ቢያልቅ ይሻላል። እስከዚያው የሊብሬኦፊስን አውቶሴቭ ወደ 2 ደቂቃ አውርደው።

ይሄ ሁሉ ሆኖም ከቆመ ራሙን የሚፈትሸውን ሜምቴስት ሌሊቱን ሙሉ አስኪደው። ያኔ ነው ስለ ማዘርቦርድ የምናወራው።