የቤተሰብ ቪዲዮ ጥሪ ሲቆራረጥ፣ ፓኬጅ ከማሳደግዎ በፊት

ጥያቄ፦ ልደታ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ታላቅ ወንድሜ ዋሺንግተን ነው፣ ታናሽ እህቴ ዱባይ፣ ሌላው ወንድሜ ሐዋሳ። በዋትስአፕ በቡድን ስንደዋወል የዱባይዋ እህቴ ጨርሶ አትገባም። እናቴ መኝታ ቤቷ ሆና ስታወራ ምስሏ ቆሞ ይቀራል። የዋሺንግተኑ ወንድሜ ደግሞ የገዛ ድምፁ ተመልሶ ይሰማኛል ይላል። የዋይፋዩን ፓኬጅ ባሳድገው ይስተካከላል?

መልስ፦ ገንዘብዎን ለጊዜው ይያዙት። የጠቀሱልኝ ሦስት ችግር ነው፣ የሦስቱም መነሻ ለየቅል ነው። ፓኬጅ ማሳደግ ሊነካው የሚችለው የእናትዎን ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን መጀመሪያ መፈተሽ አለበት።

ከእህትዎ ልጀምር። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ዋትስአፕ መልእክትና ፎቶ ያደርሳል እንጂ የድምፅም የቪዲዮም ጥሪው ዝግ ነው። ስልኳን ብትቀይር፣ ሲም ብትቀይር ለውጥ የለውም። «ቪፒኤን ጫኚ» (የተዘጋ አገልግሎት በሌላ አገር በኩል አዙሮ የሚያስገባ አፕ ነው) የሚሏት ይኖራሉ፤ እባክዎ እርስዎ እንዳይሏት። የተዘጋ አገልግሎት በቪፒኤን መክፈት እዚያ አገር ከባድ የገንዘብ ቅጣት ሊያስከትል ይችላል፣ መዘዙም የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ዙምና ጎግል ሚት ግን የተፈቀዱ ስለሆኑ የቤተሰቡን ጥሪ ወደ አንዱ ያዛውሩት። ለእናንተ ሚት ይሻላል እላለሁ። ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ሲገባ በነፃ 60 ደቂቃ ይሰጣል፣ ዙም በነፃ የሚሰጠው 40 ነው። የእናትዎ ስልክ አንድሮይድ ከሆነ የጎግል አካውንቱ አስቀድሞ ስላለ አዲስ የይለፍ ቃል ማስታወስ አይጠበቅባቸውም።

ሚት ላይ አዲስ ጥሪ የሚጀመርበትን ቁልፍ ነክተው ሊንክ ይፍጠሩና በቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ከላይ ፒን ያድርጉት። ያው ሊንክ ለሚቀጥለውም ሳምንት ያገለግላል። ሊንኩን የፈጠረው ሰው ግን ቀድሞ ይግባ፤ አለበለዚያ ሌሎቹ «ይግቡ» የሚላቸው አጥተው ደጅ ይቆማሉ።

የቀጠሮውን ሰዓት ስትጽፉ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት። «ቅዳሜ 11 ሰዓት» ብቻ ካላችሁ የዋሺንግተኑ 11 ጠዋት መስሎት ይቀራል። «11 ሰዓት ከሰዓት፣ በአዲስ አበባ 17:00» ይበሉ። ያኔ ዱባይ 18:00 ነው፤ ዋሺንግተን በክረምታቸው 9:00፣ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ደግሞ 10:00 ጠዋት ይሆናል፣ እነሱ ሰዓታቸውን በዓመት ሁለቴ ስለሚያዛውሩ። ቅዳሜ 11 ሰዓትን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለማንም ሌሊት አይሆንበትም፣ እናትዎም ገና በቀን ብርሃን ፊታቸው ይታያል።

አሁን ወደ መኝታ ቤቱ። ፓኬጅ ሲሸጥ የሚነገረው ፍጥነት ወደ እርስዎ የሚመጣው፣ ማለትም ዳውንሎዱ ነው። የእናትዎን ምስል ወደ ልጆቻቸው የሚያደርሰው ግን አፕሎዱ ነው፣ እሱ ደግሞ በብዙ መስመር ላይ ከዳውንሎዱ በጣም ያንሳል። በእናትዎ ስልክ ስፒድቴስት የሚባለውን የፍጥነት መለኪያ ከፍተው ሁለት ጊዜ ይለኩ፤ አንዴ ራውተሩ አጠገብ ቆመው፣ አንዴ እሳቸው በሚቀመጡበት አልጋ ላይ ሆነው። አፕሎዱ ሳይዋዥቅ ከ1 ሜጋቢት በሰከንድ በላይ ከሆነ ለጥሪው ይበቃል። ራውተሩ አጠገብ ደህና ሆኖ አልጋው ላይ ከወደቀ ጥፋቱ የዋይፋይ ነው፤ 2 እጥፍ ፓኬጅ ቢገዙም አልጋው ላይ የሚደርሰው ያው ነው። ሁለቱም ቦታ ላይ ካነሰ ያኔ የመስመሩ ጉዳይ ነው፣ ፓኬጁን ማንሳት የሚኖርበትም ያኔ ነው።

ከመስመሩ ጋር ከመጣላትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይዩ። ስልኮች ዋይፋይ ሲያገኙ፣ በተለይ ቻርጅ ላይ ሲሆኑ፣ ፎቶና ቪዲዮ ወደ ጎግል ፎቶስ ይጭናሉ፣ የዋትስአፕ ባክአፕም (የመልእክቶቹን መጠባበቂያ ቅጂ) ይልካሉ። ይኼ ጠባቡን አፕሎድ ሙሉ በሙሉ ይይዘውና የጥሪው ዳታ ወረፋ ይጠብቃል፤ ምስል ቆሞ የሚቀርበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኼ ነው። በቤቱ ባሉት ስልኮች ሁሉ ላይ ባክአፑን ለጥሪው ሰዓት ያቁሙትና ደግመው ይለኩ።

ጥፋቱ የዋይፋይ ሆኖ ከተገኘ ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ኋላ ወይም ከቁም ሳጥን ውስጥ አውጥተው የመኝታ ቤቱ በር ትይዩ፣ ከሰው ቁመት ከፍ አድርገው ያስቀምጡት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሌላው ጣጣ የጎረቤት ዋይፋይ ነው። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ግድግዳ ቢያልፍም ከላይ፣ ከታችና ከጎን ያለው ቤት ሁሉ እዚያው ላይ ይጨናነቃል። ራውተርዎ 5 ጊጋኸርዝ ካለው፣ እናትዎም ከራውተሩ ከአንድ ግድግዳ በላይ ካልራቁ፣ በዚያ ያገናኟቸው። ስሙ መጨረሻ ላይ «5ጂ» የሚል ዋይፋይ እሱ ነው፤ ከሞባይሉ 5ጂ ኔትወርክ ጋር አይገናኝም። 2.4 ላይ መቆየት ግድ ከሆነ የራውተሩን ማስተካከያ ገጽ ይክፈቱ፤ አድራሻውና የይለፍ ቃሉ ከራውተሩ ሥር ተለጥፏል። ቻናሉን 1፣ 6 ወይም 11 ላይ፣ ስፋቱን 20 ሜጋኸርዝ ላይ ያድርጉት። ከሦስቱ የትኛው ቀለል እንዳለ የዋይፋይ አናላይዘር አፕ ያሳያል።

የወንድምዎ ጉዳይ ቀላል ነው፣ ሰው ሁሉ ግን ጥፋቱን የተሳሳተ ቦታ ይፈልገዋል። ድምፁ ተመልሶ የሚሰማው ሰው ራሱ ንጹሕ ነው፤ ድምፁን የሚመልሰው በሌላ ወገን ያለ ስልክ ነው። እርስዎ ሳሎን፣ እናትዎ መኝታ ቤት ሆናችሁ በሁለት ስልክ ከገባችሁ የአንዱ ስፒከር የሚያወጣውን የሌላው ማይክ ለቅሞ ይልከዋል። አብራችሁ በአንድ ስልክ ተቀመጡ፣ ወይም የእርስዎን ማይክም ስፒከርም ይዝጉ። በአንድ ስልክ ሆናችሁም ካልጠፋ እየተራ ማይክ ዝጉ፤ ማን ሲዘጋ ድምፁ እንደሚጠፋ ካወቃችሁ ያ ሰው ኢርፎን ያድርግ።

ለእናትዎ ስልኩን በእጅ አያስይዟቸው። አብዛኛው ስልክ ማይኩ ከታች ጠርዝ ላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ናት፣ መዳፍ ይሸፍናታል። በዓይናቸው ትክክል፣ ግማሽ ሜትር ያህል ርቆ ይቁም። መስኮቱ ከፊታቸው እንጂ ከኋላቸው አይሁን። ጥሪው እየሄደ ቻርጅ ማድረግ ስልኩን ያግላል፣ የጋለ ስልክ ደግሞ ራሱ ሥራውን ይቀንሳል፤ ቀድመው ይሙሉት።

መብራት ሲሄድ ራውተሩም አብሮ ስለሚጠፋ አነስተኛ የራውተር ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ራውተሩን የሚያቆይ ባትሪ) ይግዙ። ከመግዛትዎ በፊት የራውተሩ አዳፕተር ላይ «አውትፑት» በሚለው ሥር የተጻፈውን ያንብቡ፤ 12 ቮልት የሚፈልገውን ራውተር 9 ቮልት አያስነሳውም፣ 9 ቮልቱን ደግሞ 12 ያቃጥለዋል። አምፒሩ ከተጻፈው አይነስ እንጂ ቢበልጥ ጉዳት የለውም። መስመርዎ ፋይበር ከሆነና የፋይበሩ ሳጥን ከራውተሩ የተለየ ከሆነ እሱም ዩፒኤስ ይፈልጋል። ዩፒኤስ እስኪገዙ ድረስ በሞባይል ዳታ መቀጠል ይቻላል፤ በሁለቱም አቅጣጫ 1 ሜጋቢት በሰከንድ ቢሄድ በሰዓት 900 ሜጋባይት ያህል ይበላልና ጥሪው እንዳይቋረጥባችሁ ከ1 ጊጋባይት ያላነሰ ይኑራችሁ። ያ ከሌለ የእናትዎን ካሜራ ዘግተው ድምፁን ብቻ ያስቀጥሉ፣ ድምፅ የሚወስደው ከቪዲዮው በጣም ያነሰ ነው።