«የእኔ ስኳር ለልጄ ይተርፋል ወይ?» ስኳር ላለባቸው እናቶች ጥያቄና መልስ

ዓይነት 1 ስኳር (ቆሽት ኢንሱሊን ማምረት የሚያቆምበት) ከተገኘብኝ 19 ዓመት ሆነኝ። ሁለት ልጆች ወልጃለሁ። ነርስም ነኝ፤ ብዙውን ጊዜ የሠራሁት በስኳር ክትትል ክፍል ነው። ሰሞኑን ስኳር ላለባቸው እናቶች «ስለ ልጆቻችሁ የሚያስጨንቃችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ መጣ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ ከነመልሳቸው እነሆ። የስኳር ቁጥሮቹ በሙሉ አገር ቤት ያለው መለኪያ የሚያሳያቸው፣ በሚሊግራም በዴሲሊትር የሆኑ ናቸው። ልጁን አሁን እያመመው ያለ ሰው ግን ማንበቡን ትቶ ሐኪም ጋ ይሂድ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ 31 ዓመቴ ነው። ከ14 ዓመቴ ጀምሮ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ልጄ 5 ዓመቱ ነው። በየሳምንቱ ጣቱን እየወጋሁ እለካዋለሁ። ባለፈው 240 አለኝና እያለቀስኩ ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። እዚያ ሲለካ 96 ሆነ። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመለካትሽ በፊት ልጁ ማንጎ ወይም ብርቱካን በልቶ ነበር? ይህን የምጠይቅሽ ብዙ እናት በዚህ ስትደነግጥ ስላየሁ ነው። ጣት ላይ የቀረች ትንሽ የፍራፍሬ ጭማቂ ቁጥሩን በመቶ ልታዘልለው ትችላለች። በአልኮል መጥረግ አይበቃም። እጁ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ፣ በደንብ ከደረቀ በኋላ ነው የሚለካው። 96ቱን እመኚ፤ ጤና ጣቢያ ሲለካ ደህና ከነበረና ምልክት ከሌለው 240ው የጣት ቆሻሻ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃትሽ ልምጣ። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር የሚጠቅሰው ግምት እንዲህ ነው። ዓይነት 1 ያለባት እናት 25 ዓመት ሳይሞላት ከወለደች፣ ልጁ የመያዙ ዕድል ከ25 አንድ ነው። ከ25 ዓመቷ በኋላ ከወለደች ከ100 አንድ ነው። ዓይነት 1 ያለበት አባትየው ከሆነ ደግሞ ከ17 አንድ። አየሽ፣ «ከእናት ነው የሚወረሰው» የሚባለው እንኳ ልክ አይደለም። አንቺ የወለድሽው በ26 ዓመትሽ ነው። እንደ አንቺ ያሉ 100 እናቶች ቢሰበሰቡ፣ የ99ኙ ልጆች በዓይነት 1 አይያዙም ማለት ነው።

በየሳምንቱ መለካቱን ተይው። ዓይነት 1 ሲመጣ ምልክት ያሳያል፤ ምልክቱን ከታች ቤተሰቡ ወልድያ ላለው አባት ጽፌዋለሁ። እየሮጠ የሚጫወት ልጅን ጣቱን በየሳምንቱ መውጋት ፍርሃትሽን ለእሱ ማጋባት ነው። እኔም በመጀመሪያ ልጄ ላይ አድርጌዋለሁ። አልፈርድብሽም።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ልጅ ከማህፀን ስኳር ይዞ ይወለዳል?

መልስ፦ በእናቱ ስኳር ምክንያት አይደለም። እጅግ አልፎ አልፎ ስኳር ይዞት የሚወለድ ሕፃን አለ፤ ያ ግን የዘረመል ችግር ነው፣ የእናትየው ስኳር ያመጣው አይደለም።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ስምንተኛ ወሬ ነው። በእርግዝና የመጣ ስኳር ነው ያለብኝ። «ልጁ ትልቅ ነው፣ ሲወለድ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል» አሉኝ። የእኔ ከፍ ብሎ የእሱ እንዴት ይወርዳል?

መልስ፦ ማህፀን ውስጥ ሳለ ስኳርሽ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ እሱ ያልፋል። ኢንሱሊንሽ ግን አያልፍም። ስለዚህ የልጁ ቆሽት የራሱን ኢንሱሊን በብዛት ማምረት ይጀምራል። የሚወፍረውም ለዚህ ነው፤ ትርፉ ስኳር ወደ ስብ ይለወጣል። ከዚያ ይወለዳል፣ እትብቱ ይቆረጣል። ከአንቺ ይመጣ የነበረው ስኳር በአንዴ ይቋረጣል። ቆሽቱ ግን እንደለመደው ያመርታል። ስኳሩ የሚወርደው ያኔ ነው። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይታያል፤ ቆሽቱ ልኩን እስኪይዝ አንድ ሁለት ቀን ሊወስድ ይችላል።

ይህን ሳልነግርሽ ብቀር ይቆጨኛል፤ የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ የሆነውን ልንገርሽ። ማንም ሳይለካት ሰዓታት አለፉ። ነርስ ሆኜ እንኳ ድካሙ አሸንፎኝ አልጠየቅኩም። «ይቺ ልጅ አትጠባም፣ እጇም ይንቀጠቀጣል» ያለችው እናቴ ናት። ሲለካ 28 ነበር። ግሉኮስ በደም ሥሯ ሰጧትና ተመለሰች። ዛሬ 9 ዓመቷ ነው፣ ምንም የቀረባት ነገር የለም።

ስለዚህ ከአንቺ ጋር የሚገባውን ሰው፣ ባልሽም ሆነ እህትሽ፣ ከአሁኑ አስጠኚው። ልጁ እንደተወለደ ራቁቱን ደረትሽ ላይ ይሁን፤ የበረደው ሕፃን ስኳሩን ቶሎ ይጨርሳል። በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ይጥባ፤ ከዚያ በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ። እንገሩ ለእሱ መድኃኒቱ ነው፤ «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ጠብታ እንዳይደፋ። መጥባት ካቃተው አልበሽ በሲኒ ወይም በማንኪያ ይሰጠው። ማር፣ ቅቤ፣ የስኳር ውሃ አይቅመስ። ያ ሰው ደግሞ አዋላጇን «ስኳሩ ተለካ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ከተረከዙ በምትወሰድ አንድ ጠብታ ደም ይታወቃል። ብዙ ቦታ ከ40 ወይም ከ45 በታች ሲሆን ይታከማል። ከተንቀጠቀጠ፣ ከዛለ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ቆዳው ሰማያዊ ከሆነ ወዲያውኑ አዋላጇን ጥሩ።

ልጁ ትልቅ ከተባለ ደግሞ ኦፕራሲዮን ከሚሠራበት ሆስፒታል ውጪ አትውለጂ። የትልቅ ልጅ ትከሻ በምጥ ላይ ሊያዝ ይችላል። እስከዚያ ጠዋት በባዶ ሆድሽ ከ95 በታች፣ ከምግብ 1 ሰዓት በኋላ ከ140 በታች እንዲሆን ታገይ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታትና በምጥ ላይ ስኳርሽ በልኩ ከሆነ፣ የልጁ ስኳር የመውረድ ዕድልም ይቀንሳል። ከወለድሽ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ራስሽ እንደገና ተመርመሪ። «ወልጄ ለቀቀኝ» ብለው ቀርተው፣ ከዓመታት በኋላ ዓይነት 2 (ሰውነት ኢንሱሊንን በደንብ የማይጠቀምበት ስኳር) ይዟቸው የመጡ ብዙ አይቻለሁ።

ጥያቄ (አንዲት አያት፣ ከጎንደር)፦ ልጄ ስኳር አለባት፤ አራስ ናት። ጎረቤቶች «ጡቷ ስኳር አለበት፣ ሕፃኑን ይይዘዋል» ይላሉ። የዱቄት ወተት እንስጠው?

መልስ፦ እናቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ በጭራሽ አይስጡት። ስኳር በጡት አይተላለፍም። የምትወጋው ኢንሱሊን ወተቷ ውስጥ ቢገባ እንኳ በሕፃኑ ሆድ ይፈጫል፣ አይጎዳውም። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒንም ብትወስድ ወደ ወተቱ የሚያልፈው በጣም ጥቂት ነው። እንዲያውም የጠባ ልጅ ኋላ ላይ ከውፍረት የተሻለ ይጠበቃል።

ይልቅ እርስዎ የሚረዷት በሌላ ነው። ጡት ማጥባት የእሷን ስኳር ያወርደዋል፣ በተለይ ሌሊት። ከራስጌዋ የምትቀምሰው ነገር ያኑሩላት። ላብ ካላባት፣ ከተንቀጠቀጠች ወይም ነገር ከጠፋባት መጀመሪያ ሕፃኑን ይቀበሏት፤ ከዚያ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ያጠጧት። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። አጥሚቱን ያለ ማርና ያለ ስኳር ይሥሩላት፤ ገንፎውም በልኩ ይሁን። የአራስ ቤት ፍቅር በሳህን ይለካል፤ ለእሷ ግን ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይሻላታል።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ዓይኑና ፊቱ ቢጫ ሆነ። ፀሐይ አሙቂው ይሉኛል።

መልስ፦ ስኳር ያለባት እናት ልጅ ቀይ የደም ሴሉ ስለሚበዛ ቢጫነት ይበረታበታል። የጠዋት ፀሐይ ሕክምና አይደለም። ቢጫው ወደ ሆዱና ወደ እግሩ ከወረደ፣ ወይም እንቅልፍ አብዝቶ አልጠባም ካለ፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰጂው። እዚያ በሰማያዊ መብራት ይታከማል። በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ቢጫ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አይጠበቅም።

ጥያቄ (ሪያድ ያለ አባት፣ ቤተሰቡ ወልድያ)፦ ባለቤቴ ስኳር አለባት። ልጃችን 6 ዓመቷ ነው። አልጋ ላይ መሽናት ከተወች ቆይታ ነበር፣ አሁን ጀመራት። ውሃ አይበቃትም፣ ከስታለችም። ለሽንት ኢንፌክሽን ተብሎ መድኃኒት ተሰጣት።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ ለነገ አይባልም። አሁን ደውልላት። መለኪያ አላት፤ የልጅቷን እጅ አጥባ፣ መውጊያውን በአዲስ ቀይራ ትለካት። 200 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ከቁጥር ይልቅ «ሃይ» (HI፣ በጣም ከፍ ብሏል) የሚል ጽሑፍ ከመጣ፣ በቀጥታ ሆስፒታል። ዝቅ ቢልም እንኳ በእነዚህ ምልክቶች ነገ ሐኪም ሊያያት ይገባል።

ለሁላችሁም የምለው ይኸው ነው። ውሃ ጥም፣ ሽንት መብዛት፣ የተወ ልጅ እንደገና አልጋ ማርጠብ፣ እየበላ መክሳት፣ መድከም። እነዚህ ሲገጥሙ መለኪያ ይነሳ። ሲብስ ማስታወክ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ረጅምና ፈጣን ትንፋሽ፣ የበሰበሰ ፍራፍሬ የሚመስል የአፍ ጠረን ይመጣል። በዚያ ሰዓት ልጁ ወባ፣ ታይፎይድ ወይም የሳንባ ምች ተብሎ ሌላ መድኃኒት ሊሰጠው ይችላል። አንድ መለያ ያዙ። ተቅማጥና ትውከት ያደረቀው ልጅ ሽንቱ ያንሳል። ስኳር ያደረቀው ልጅ ግን ደርቆም ይሸናል። ስለዚህ ስኳር ያለባት እናት ልጇን ይዛ ስትሄድ ሳትጠየቅ «እኔ ስኳር አለብኝ፣ ልጄን ለኩልኝ» ትበል። ይህች ዓረፍተ ነገር ልጅ ታድናለች።

(የሪያዱ አባት ከሁለት ቀን በኋላ ጻፈልኝ። 380 ነበር። ልጅቷ ትንፋሿ ሳይለወጥ ደርሳለች፣ ኢንሱሊን ጀምራለች። ወንድሜ፣ እናቷ ሥራውን ታውቀዋለች፤ ልጅቷ በሚያውቅ እጅ ላይ ናት ማለት ነው። ለሕፃናት ኢንሱሊን በነፃ የሚሰጥባቸው የመንግሥት ሆስፒታሎች አሉ፣ የክትትል ክፍሉን ጠይቁ። በዓለም መጀመሪያ ኢንሱሊን የተወጋው፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ፣ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ ብዙ አይቆይም ነበር። የእናንተ ልጅ ትማራለች፣ ታድጋለች።)

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦ እዚህ ልጄ ወደፊት ዓይነት 1 ይይዘው እንደሆነ በደም ይታወቃል ይላሉ። ላስመርምረው?

መልስ፦ እውነት ነው። ቆሽት እየተጠቃ መሆኑን የሚጠቁም ፀረ እንግዳ አካል ከዓመታት በፊት በደም ውስጥ ይገኛል። አንቺ ባለሽበት አገር ትራያልኔት የሚባለው ፕሮግራም የሕሙማን ቤተሰቦችን በነፃ ሲመረምር ቆይቷል። ቴፕሊዙማብ የሚባል መድኃኒትም እ.ኤ.አ. በ2022 ተፈቅዷል፤ ያኔ የተፈቀደው 8 ዓመት ለሞላቸው ነበር። በሽታው ሊመጣባቸው ለቀረቡ ልጆች መምጫውን ያዘገያል። አያስቀረውም። እኔ አንቺን ብሆን አስመረምረው ነበር፤ የሚያውቅ ቤተሰብ ልጁን ኮማ ውስጥ ገብቶ አያገኘውም። ውጤቱን የምትቀበይበትን አቅም ግን አንቺ ነሽ የምታውቂው።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ዓይነት 2 ስኳር እንዳለብኝ ያወቅኩት በእርግዝና ሦስተኛ ወሬ ነው። ልጄ ልቡ ላይ ቀዳዳ አለበት ተባለ። እኔ ነኝ ያመጣሁበት? ሌሊት አልተኛም።

መልስ፦ እህቴ፣ አልዋሽሽም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስኳር ከፍ ሲል የልብና የአከርካሪ ችግር የመፈጠር ዕድሉ ይጨምራል። የልጅ ልብ የሚሠራው እስከ ስምንተኛ ሳምንት ገደማ ነው፤ ብዙ ሴት በዚያ ጊዜ ማርገዟን ገና መቀበሏ ነው። ነገር ግን የልብ ቀዳዳ ያለባቸው አብዛኞቹ ሕፃናት ስኳር የሌለባት እናት ልጆች ናቸው። የአንቺ ልጅ ከየትኛው እንደሆነ ማንም ሐኪም ሊነግርሽ አይችልም። አንቺ ደግሞ ስኳር እንዳለብሽ አታውቂም ነበር። ሰው ያላወቀውን እንዴት ይጠብቃል?

ትንሽ ቀዳዳ በራሱ ጊዜ የሚዘጋበት ብዙ ነው። ስለዚህ የልብ አልትራሳውንድ ቀጠሮውን አታሳልፊ። ሲጠባ የሚያልበው፣ የሚደክመውና ክብደት የማይጨምር ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቂ። ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ከተባለ ቶሎ አስመዝግቢው፤ ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል ሕፃናትን ያክማል፣ ወረፋው ግን ረጅም ነው።

ለሚቀጥለው ልጅ፦ የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራ፣ ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው፣ ከ6.5 በመቶ በታች እስኪወርድ የወሊድ መከላከያሽን አትተዪ። ፎሊክ አሲድም ከማርገዝሽ ወራት በፊት ጀምሪ፣ መጠኑን ሐኪምሽ ይወስንልሽ።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ ዓይነት 2 አለብኝ። ልጄ 10 ዓመቱ ነው፣ ወፍሯል። አንገቱ ጠቁሮ ብፈትገውም አይለቅም።

መልስ፦ አትፈትጊው፣ ቆሻሻ አይደለም። ቆዳው እንዲያ የሚወፍርና የሚጠቁር ሰውነት ለኢንሱሊን ሲያስቸግር ነው። የስኳር ምርመራ ይደረግለት። ለስላሳውን ከቤት አውጪው፤ አንድ ጠርሙስ ውስጥ ስምንት የሻይ ማንኪያ ገደማ ስኳር አለ። ለእሱ ብቻ «አትብላ» አይባል፤ ይሰበራል። የቤቱ ሁሉ ማዕድ ይለወጥ፣ አባትየውም አብሮ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ስወጋ ያየኝ የ4 ዓመት ልጄ «እማ፣ ትሞቻለሽ?» አለኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ የእኔም በዚያው ዕድሜዋ ጠይቃኛለች። ተደብቄ መውጋት ጀምሬ ነበር፤ መደበቄ አባሰባት። አንድ ቀን አስቀምጬ ነገርኳት። «ሆዴ ውስጥ ስኳር የሚያስተካክል ነገር ነበር፣ ደከመው። ይቺ መርፌ የእሱን ሥራ ትሠራልኛለች። ከአንቺ አልመጣም፣ ወደ አንቺም በመንካት አይሄድም።» የስኳሩን ጣሳ አሳየኋት። ዝም ካልኩ ወይም እንግዳ ነገር ካወራሁ ጎረቤታችንን እንድትጠራ አስተማርኳት። ጠባቂዬ ግን አላደረግኳትም፤ ያን ጭነት ልጅ አይችለውም። አሁን ስወጋ አጠገቤ ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ቀና ብላ እንኳ አታየኝም።