ኒውሮና የልጆች እድገት ለመውጫ ፈተና፦ ደሴ ሆነሽ ለምታነቢው

“የኦኩፔሽናል ቴራፒ (የታመመ ወይም የተጎዳ ሰው የዕለት ሥራውን ራሱ እንዲሠራ የሚያግዝ ሙያ) መውጫ ፈተና ደርሶብኛል፤ ደሴ ቤተሰብ ጋ ሆኜ ነው የማነበው። ኒውሮና የልጆች እድገት ተደበላልቀውብኛል፣ ከየት ልጀምር?” ላልሽው እህት።

እኔም ጎንደር ተምሬ ለፈተናው ያነበብኩት እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ፣ እናቴ ቤት ነው። እንግዳ አይጠፋም፣ ቡና አይቋረጥም፣ በዚያ ላይ የጦሳ ተራራ ብርድ። ያንቺም ቤት ከዚህ አይለይም ብዬ ልቀጥል። አልፌያለሁ፣ ያውም በጥሩ ውጤት፤ ስለዚህ ስሚኝ።

1. ኒውሮን (የአንጎልና የነርቭ ትምህርቱን) እና የልጆች እድገትን ለየብቻ አታንብቢ። “ኤቲኤንአር (የሕፃን ፊት ወደ ጎን ሲዞር እጆቹ ሳያስበው የሚንቀሳቀሱበት ሪፍሌክስ) ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይጠፋል” ብለሽ ብትሸመድጂ በነጋታው ይጠፋብሻል። ሪፍሌክሱ ካልጠፋስ? ጥያቄው የሚወጣው እዚያ ላይ ነው። ልጁ ፊቱን ወደ ቀኝ ሲያዞር ቀኝ እጁ ይዘረጋል፣ ግራው ይታጠፋል። እንግዲህ ያየውን ነገር እንዴት ወደ አፉ ያምጣ? ሁለት እጁን እንዴት መሀል ላይ ያገናኝ? መገላበጡም ይቸግረዋል። ሌሎቹንም ሪፍሌክሶች እንዲሁ “ባይጠፋ ልጁ ምን ያቅተዋል?” እያልሽ ሂጂባቸው።

2. ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ሲመጣ ዕድሜውን አስተካክይ። 8 ወር ሞልቶት 2 ወር ቀድሞ ከተወለደ የምትለኪው በ6 ወር ነው። ይሄን እስከ 2 ዓመቱ ታደርጊያለሽ። ቀላል ነጥብ ነው፣ አትጣይው።

3. ክትባት ክፍል ሄደሽ ተቀመጪ። ለኔ ከሃንድአውቱ ሁሉ የበለጠብኝ ይሄ ነው። ክትባቱ በ6፣ በ10፣ በ14 ሳምንት፣ ከዚያ በ9 እና በ15 ወር ነው። ስለዚህ አግዳሚው ላይ የእድገት ሰንጠረዡ በአካል ተደርድሮ ታገኚዋለሽ። የ6 ሳምንቱ አንገቱ አልጠናም። የ14 ሳምንቱ ቀና ብሎ ያይሻል። የ9 ወሩ ያለ ድጋፍ ተቀምጦ የወደቀ የብስኩት ፍርፋሪ በጣቶቹ ሊለቅም ይታገላል። የ15 ወሩ መርፌውን ሲያይ በእግሩ ወደ በሩ ነው።

ችግሩ ፈቃዱ ነው። ደብዳቤ ይዤ አንድ ቢሮ ገባሁ። ሰውየው ሳያነበው “ፊዚዮቴራፒ እዚህ የለም” አለኝ። ፊዚዮ አይደለሁም ስለው “ታዲያ ምንድን ነሽ?” አለ። ላስረዳው ስጀምር ስልኩን አንስቶ ማውራት ጀመረ። ነገ ነይ። ነገ ስብሰባ ነው። ፈራሚው ኮምቦልቻ ወርዷል። ለፈተና በቀረችኝ ትንሽ ጊዜ ኮሪደር ላይ መቆም! እስካሁን ሳስበው ያበግነኛል። መጨረሻ ላይ የክትባት ክፍሏ ሲስተር ስመላለስ አይታኝ ራሷ ደወለችለት፤ ማህተሙ ወዲያው ተመታ። አንቺ በቀጥታ ሲስተሯን አናግሪ። ደብዳቤሽ ላይም “ለመመልከት ብቻ፣ ልጅ አልነካም” የሚል ይኑርበት።

እዚያ ተቀምጬ ነው አንዲት አያት የ9 ወር የልጅ ልጃቸውን ይዘው የመጡት። ልጁ ሁሉን ነገር በግራ እጁ ይይዛል። ቀኙ ተጨብጧል፣ አውራ ጣቱ ወደ ውስጥ ገብቷል። ብስኩት ሲሰጡት ግራውን ይዘረጋል፤ እሳቸው ቸብ ያደርጉትና “በቀኝህ!” ይሉታል። “ግራኝ እንዳይሆንብኝ እኮ ነው” አሉኝ። ለሲስተሯ በጆሮዋ ነገርኳት። “እማማ፣ ያኛውን እጁን እስቲ ላየው” አለችና ጣቶቹን ቀስ አድርጋ ከፈተቻቸው፤ ስትለቃቸው ተመልሰው ተጨበጡ። ወደ ሕፃናት ሐኪም ጻፈችላቸው። ልጅ ከ1 ዓመት በፊት አንድ እጅ ብቻ ከመረጠ ሌላኛው እጅ ደክሞ ሊሆን ይችላልና ሄሚፕሌጂያን (የአንድ ጎን የሰውነት ድክመትን) ጠርጥሪ። ፈተና ላይ “ግራኝ መሆኑ ነው፣ ችግር የለውም” የሚል ምርጫ ቢሰጡሽ አትሸወጂ።

4. በቴሌግራም የሚሸጡ “ያለፉ ጥያቄዎች”… ተዪኝ። ገንዘቤን ከፍዬ ያገኘሁት ፋይል ሴሬብራል ፖልዚን (ገና በማደግ ላይ ያለ አንጎል ተጎድቶ የሚመጣውን የእንቅስቃሴ ችግር) “እየባሰ የሚሄድ የአንጎል በሽታ” ይለዋል! የአንጎሉ ጉዳት አይሰፋም። ልጁ ሲያድግ ግን ጡንቻው ሊያጥር፣ ዳሌው ሊወልቅ ይችላል፤ ሰው የሚምታታው እዚህ ላይ ነው። ዓይነቶቹንም ከአንጎሉ ክፍል ጋር ያዣቸው፦ ባዛል ጋንግሊያ (እንቅስቃሴን የሚቆጣጠር የአንጎል ውስጠኛ ክፍል) ሲጎዳ ዲስካይኔቲክ (ሳይፈልግ የሚንቀሳቀስ)፣ ሴሬቤለም (ትንሹ አንጎል) ሲጎዳ አታክሲክ (ሚዛኑን የሚስት)። አራስ ልጅ ከባድ ቢጫነት ነበረው የሚል ታሪክ ከመጣ ሐሳብሽ ወደ ባዛል ጋንግሊያ ይሂድ። ፋይሉን የሸጠኝ ልጅ ስጽፍለት ብሎክ አደረገኝ።

5. ከአዋቂዎቹ የአከርካሪ ጉዳትን አጥብቂ። ጉዳቱ ሲ6 (የአንገቱ ስድስተኛ ደረጃ) ላይ ሲሆን ቴኖዴሲስ የሚባል ነገር አለ፤ የእጅ አንጓው ወደ ላይ ሲነሳ ጣቶቹ በራሳቸው ይታጠፋሉ። ያቺን ትንሽ ጭብጥ ለማቆየት አንጓውንና ጣቶቹን አንድ ላይ ዘርግተሽ አትስቢ። ጉዳቱ ቲ6 (የደረቱ ስድስተኛ ደረጃ) ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ድንገት ኃይለኛ ራስ ምታት ይዞት የደም ግፊቱ ከወጣ ቀና አድርገሽ አስቀምጪው፣ የጠበቀ ልብሱን አላቂ፣ የሽንት ቱቦው መታጠፉን እዪ። “አስተኚው” የሚለውን ምርጫ እንዳትነኪ።

ክትባቱ በየቀኑ ላይሰጥ ስለሚችል ቀኑን ቀድመሽ ጠይቂ። ጠዋት 3 ሰዓት ሳይሞላ ድረሺ፣ እናቶቹ አስከትበው ቶሎ ነው የሚሄዱት። የደብዳቤውን ናሙና ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።