አስፉር ለሽምብጥ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ካፌ አለችኝ። ወንድሜ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። እዚያ «አስፉር» የሚሉት ዓሣ አይቷል፤ ሰውነቱ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጎኑ ላይ ሰፊ ቢጫ ያለበት፣ ጅራቱም ቢጫ። ላምጣልሽ እያለኝ ነው። 200 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም አለኝ። የጣናን ውኃ ቀድቼ ጨው ብጨምርበት ይሆናል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ወንድምዎ ዓይን አለው፤ ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ዓሦች እኔም ከአስፉር የማስበልጠው ጥቂት ነው። ግን አያምጣው። የአስፉር ግልገል ሰማያዊው ላይ ነጣ ያሉ መስመሮች አሉት፤ ያየው ያለ መስመር ከሆነ ማደግ ጀምሯል ማለት ነው። እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። በ200 ሊትር ውስጥ መዞሪያም አያገኝ።

የጣናን ውኃ ይተዉት። ደለሉ አለ፣ ከየማሳው የታጠበው ማዳበሪያ አለ፤ እምቦጩስ የሚፋፋው በምን ሆነና! የወጥ ጨውም ሆነ የአፋር አሞሌ አይሆንም፤ የባሕር ውኃ ማግኒዥየሙም ካልሲየሙም በልኩ ነው። ለባሕር ዓሣ ተብሎ የሚዘጋጅ ጨው በሊትር 35 ግራም ያህል ይገባል፤ ለእርስዎ ገንዳ 7 ኪሎ መሆኑ ነው። ሲተን ጨዉ ስለሚቀር የጎደለውን ጨው በሌለው ንጹሕ ውኃ ይሙሉ። ውኃው እንደተዘጋጀም ዓሣ አይገባም። ዓሣ የሚያስወጣው አሞንያ መርዝ ነው፤ እሱን የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ድንጋዩና አሸዋው ላይ እስኪበዙ ከወር በላይ ሊፈጅ ይችላል።

የእኛ ከተማ የራሷ ጣጣ ደግሞ ከፍታዋ ነው። 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት ከጅቡቲው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጨዋማ ውኃ ሲሆን ይብሳል። ስለዚህ የውኃው ፊት ሁልጊዜ መናወጥ አለበት። ማታ መብራት ሄዶ ፓምፑ ቢቆምስ? በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከሌለዎት ትልቅ ዓሣ አያስቡ።

መንገዱንም አይርሱ። በሚሌ ሙቀት፣ ከዚያ በጋሸና ብርድ፣ ላስቲክ ውስጥ የራሱን አሞንያ እየተነፈሰ ይመጣል! በዚያ ላይ ድንበር ላይ የፈቃድና የጤና ወረቀት አለ።

በ200 ሊትር የሚኖር የዚሁ ቤተሰብ ዓሣ ከፈለጉ ኮራል ቢዩቲ የሚባለው አለ፤ ከ10 ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። አልጌ ይለቃቅማል፤ የደረቀ የባሕር አረምና የቀዘቀዘ ትንንሽ ሽሪምፕ ይስጡት። ካፌ ውስጥ ስለሆነ ክዳኑን ይቆልፉ፤ ደንበኛ የኬክ ፍርፋሪ መጣሉ አይቀርም።

አስፉር ካልሆነ ካሉ ግን ቢያንስ 800 ሊትር ያስፈልጋል። ውኃው ብቻ ከ800 ኪሎ በላይ ነውና፣ ካፌው ፎቅ ላይ ከሆነ መጀመሪያ መሐንዲስ ይጠይቁ።