«ለአንድ ቀን ብቻ ማተብሽን አውልቂ» አሉኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። 28 ዓመቴ ነው። ያደግሁት ደሴ ነው፣ አሁን አዲስ አበባ ነው የምሠራው። ከአንድ ሙስሊም ልጅ ጋር አራት ዓመት ሆኖናል፣ ልንጋባ ነው። እሱ እንደሆንሽው ሁኚ ይለኛል። እናቱ ግን «ለኒካው ቀን ብቻ ማተብሽን አውልቂና ሸሃዳ ያዢ፣ ከዚያ በልብሽ የፈለግሽውን ሁኚ፤ ጎረቤት ምን ይለኛል» አሉኝ። የእኔ ቤት ደግሞ ብሷል። አባቴ ስልኬን አያነሳም። አክስቴ «ቤትሽ ገብቼ ውሃ አልጠጣም» ብላኛለች። እሱን ካጣሁ ደስታ የለኝም። ለስም ያህል ብቀይር ምን አለበት?

መልስ፦ እህቴ፣ አለበት እንጂ። አምነሽበት ብትሰልሚ ሌላ ነገር ነው። ሳታምኚ ስትመሰክሪ ግን የራስሽን ብቻ ሳይሆን የእሳቸውንም ሃይማኖት ነው የምታቃልዪው። ደግሞ ነገሩ በአንድ ቀን አያልቅም። እሑድ ነጠላ ለብሰሽ ስትወጪ ያው ጎረቤት ያይሻል፣ ረመዳን ይመጣል፣ ልጅ ሲወለድ ክርስትና ነው አቂቃ ይባላል፣ አንቺም በየጊዜው ስትደበቂ ትኖሪያለሽ።

የጠየቁሽን ነገር ሃይማኖታቸው እንኳ ግድ አይልም። ቁርኣን፣ አል-ማኢዳ ምዕራፍ አንቀጽ 5፣ ሙስሊም ወንድ ከመጽሐፉ ሰዎች፣ ማለትም ከክርስቲያንና ከአይሁድ፣ ጨዋ ሴት እንዲያገባ ይፈቅዳል። ያው አንቀጽ ምግባቸውንም ይፈቅዳል፤ እኛ ግን የክርስቲያን ሥጋ፣ የሙስሊም ሥጋ ብለን ሉካንዳውን ለሁለት ከፍለናል። ስለዚህ እናትየው የፈሩት የሰው አፍ ነው። በኦርቶዶክስ በኩል ይከብዳል፣ አልደብቅሽም፤ ካልተጠመቀ ሰው ጋር ተክሊልም ቁርባንም የለም። የንስሐ አባትሽን ቀድመሽ አነጋግሪ። ሕጉ ግን ከሁለታችሁም ጋር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግ ማግባት መብት ነው ይላል። ከየወገናችሁ ሁለት ሁለት ምስክር ይዛችሁ ወረዳ ብትሄዱ ማተብ አውልቂ የሚልሽ የለም።

እኔም የወሎ ልጅ ነኝ። አክስቴ ሙስሊም ነበር ያገባችው፣ ማተቧን ሳትፈታ። ቤቷ ሁለት ድስት ነበር። የእሱ ድስት እንዳይቀያየር ጆሮው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። ለፋሲካም ለዒድም ሁለቱም ይጣዳሉ፣ እኛ ልጆቹ ከሁለቱም እንበላ ነበር። ስትሞት ግን ሬሳዋ ቤት ውስጥ እያለ የት ትቀበር ብለው ዘመድ ከዘመድ ተጣላ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፣ ባልና ሚስቱ በደህናው ጊዜ ተነጋግረውበት ቢሆን ኖሮ ማንም አፉን አይከፍትም ነበር። እናንተ ከሠርጉ በፊት ተቀመጡና የልጆቹን ነገር፣ ድስቱን፣ መቃብሩንም ሳይቀር ጨርሱት።

ለአባትሽ ሽማግሌ ይላክ። አንዴ ቢመልሷቸው ደግመው ይሂዱ። የአክስትሽ ውሃ ይቆይ፣ እሱ ጊዜ ይፈልጋል።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። «እንደሆንሽው ሁኚ» ያለሽ ልጅ ይህን እናቱ ፊት ብሎት ያውቃል? ካላለ ከአንቺ ማተብ በፊት እሱ ይናገር።